ይመር የመረጠው ዳርቻ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ያ ኩራዝ ዝቅ ይበል፤ ፊቴን ማየት አያስፈልጋችሁም፣ ድምፄ ይበቃችኋል።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። መግሪብ አልፏል፣ ኢሻ አልደረሰም። ወፉ ተኝቷል፣ ጅቡ ገና አልተነሣም። በዚያ ሰዓት፣ ድሮ ነው፣ አንድ ሰው ከሐይቅ ወደ መንደር በምትወስድ ቀጭን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። በግራው ሸንበቆ ነው፤ በቀኙም ሸንበቆ ነው። ሰውየው ይመር ይባላል። ዓሣ አጥማጅ ነው። ያንን ሐይቅ እንደ ይመር የሚያውቅ አልነበረም።

ታዲያ ይመር በዚያች መንገድ ላይ ምን ገጠመው? ቆዩ። መጀመሪያ እሱ ያደረገውን ልንገራችሁ።

አቶ ሰይፉ የሚባል ሰው ከከተማ መጣ። ቤተሰብ ከነልጆቹ መጥቶ ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት፣ አልጋና ምድጃ ያላቸው ትልልቅ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ፈልጎ ነው። አልጋ ያለው መኪና! መንደሩ ሳቀ። ሰው ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል? ቀንድ አውጣስ ይዞር የለ?

"ቦታው ሜዳ ይሁን" አለ አቶ ሰይፉ። "መኪና ገብቶ የሚዞርበት፣ ጥላ ያለው። ከሁሉም በላይ ግን ውሃው ለልጆች የማያሰጋ ይሁን። አንተ ታውቀዋለህ አሉኝ፤ ምረጥልኝ።"

እንዲህ ያለ ቦታ ነበር ወይ? ነበር። አንድ ብቻ። ዋርካ ያለበት ደረቅ ሜዳ፤ ውሃው መቶ እርምጃ ቢገቡበት ከጉልበት የማያልፍ። የማን ነበር? የይመር ነበር። ከአባቱ ያገኘው፣ ከብቶቹን የሚያሰማራበት መስክ። ይመር አሰበ። ባሳየው ይወስዱብኛል አለ። ማንንም አላማከረ። ሰውየውን አስከትሎ ወደ ሌላ ዳርቻ ሄደ።

ያም ዳርቻ ለዓይን ያማረ ነው። አሸዋው ነጭ፣ ውሃው ዝም ያለ። የመንደሩ ሰው ግን "ዋጤ" ይለዋል። ለምን? አንድ እርምጃ ስትገቡ ቁርጭምጭሚት ነው። ሁለት እርምጃ ስትገቡም ቁርጭምጭሚት ነው። ሦስተኛው ላይ መሬት የለም። ከብት እንኳ አይጠጣበትም።

"ይኸ ቦታ ማን ይባላል?" አለ አቶ ሰይፉ።

"ስም የለውም" አለ ይመር።

መንገድ ተጠረገ፣ አጥር ታጠረ። ሽማግሌዎቹ ይመርን ጠርተው "ለሰውየው ነግረኸዋል ወይ?" አሉት። "ነግሬዋለሁ" አለ። አመኑት። ለምን አያምኑት? እስከዚያ ቀን ሲዋሽ ሰምተውት አያውቁም።

መጀመሪያ የመጡት ሦስት ናቸው። ወይዘሮ ፀዳለ፣ ባሏ፣ የስድስት ዓመት ልጃቸው ቤዛ። ይመር ማገዶ ተሸክሞ አመጣላቸው። ፀዳለ ከነጭ መኪናቸው ወርዳ ውሃውን አየችና እንዲህ አለችው።

"ወንድሜ፣ ውሃው ጥልቅ ነው ወይ? ልጄ መንቦራጨቅ ትወዳለች።"

ይመር ማገዶውን አወረደ። ጥልቅ ነው ቢል፣ "ታዲያ ለምን መረጥክልን?" ሊሉት ነው። አንዲት ውሸት ከዋሹ ሌላዋ ሳትጠራ ትመጣለች።

"አብሽሪ እህቴ" አለ። "ቁርጭምጭሚት ነው።"

ፀዳለ ሽንኩርት ልትከትፍ ዞረች። አንድ ራስ ሽንኩርት! ከትፋ ቀና ስትል ልጅ የለችም።

ዘሎ የገባው ይመር ነው። ልጅቱን ያወጣትም ይመር ነው። ምን ዋጋ አለው? እፍፍ አለባት፣ ገለበጣት፣ አልተመለሰችም። አባትየው በሰው ሁሉ ፊት በሚስቱ ላይ ጮኸ፤ "የት ነበርሽ? ዓይንሽ የት ነበር?" አላት። ፀዳለ ወደ ይመር ሄደች፤ ውሃ የሚንጠባጠብ እጁን ይዛ ሳመችው። "ልጄን አወጣህልኝ፤ እግዜር ይስጥህ" አለችው።

ይመር ሰማ። እጁንም አልነጠቃትም። አፉንም አልከፈተም።

አሁን ወደ መንገዷ እንመለስ። በጋ ነው፤ ዝናብ ካየን ሦስት ወር። አቧራው እንደ ዱቄት ነው። ይመር ሲሄድ ከፊቱ እርጥብ ዱካ አየ። ትንሽ እግር፣ ባዶ እግር። ወደ መንደሩ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ መንገዱ መሃል ላይ ያልቃል። ተመልሶ አልሄደም፤ ወደ ሸንበቆው አልገባም። ያልቃል። ይመር ሮጠ።

በማግስቱ ዱካው የለም። ከኋላው ግን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማ። ሲቆም ይቆማል፤ ሲሄድ ይከተለዋል።

በሦስተኛው ቀን እሷ ራሷ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታ። ከጠጉሯ ውሃ ይወርዳል። ዞር ሳትል ጠየቀችው።

"ጋሼ፣ ውሃው ጥልቅ ነው ወይ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

"ጥልቅ ነው!" ብሎ ጮኸ ይመር። "ጥልቅ ነው ልጄ! ጥልቅ ነው!"

"እንግዲያው ለእማዬ ንገራት" አለችና ጠፋች።

ነገራት ወይ? አልነገራትም። ፈራ። ዓመት ሙሉ ፈራ፤ ዓመት ሙሉ በዚያች ሰዓት በዚያች መንገድ "ንገራት" ተባለ። ከሳ፣ መረቡን ጣለ፣ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከተማ ወረደ፤ አቶ ሰይፉን ጠይቆ ቤቷን አገኘ።

በሩን የከፈተችው ፀዳለ ናት። ብቻዋን ነበረች፤ ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል። ይመር ደጃፍ ላይ እንደ ቆመ ሁሉንም ተናገረ። መስኩን ተናገረ፣ ዋጤን ተናገረ፣ ውሸቶቹን ሁሉ ተናገረ።

ፀዳለ አላለቀሰችም።

"ዓመት ሙሉ እኔ ገደልኳት እያልኩ ኖርኩ" አለችው። "ይኸን ሽንኩርት የከተፈ እጄን ልቆርጠው ቢላዋ አንስቼ አውቃለሁ። ያንተን እጅ ግን ሳምኩት።"

"አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አላት።

በሩን ዘጋችው። በኃይል አይደለም። ቀስ አድርጋ።

ይመር ዘመድ ቤት አደረና ጠዋት ተመለሰ። እግሯ ላይ ልወድቅ ብሎ። ደጃፏ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። "ማን ሞተ?" አለ። "ፀዳለ" አሉት። "ምንም አላመማትም። እንደተኛች ቀረች።"

አልገባም። አላለቀሰላትም። ፊቱን አዞረና ወደ አገሩ ተሳፈረ።

ከአውቶቡስ ሲወርድ መሽቷል። ያችው መንገድ ናት፣ ያችው ሰዓት። ጆሮውን አቀና። ጠብ የሚል ነገር የለም። አቧራውን አየ። ዱካ የለም። የሚጠይቀው ድምፅም የለም። "አልሐምዱሊላህ" አለ። "ለቀቀችኝ።" ከዓመት ወዲህ ያን ቀን ብቻ ቀስ ብሎ ሄደ።

ሚስቱ አሚናት ፋኖስ ይዛ ደጃፍ ቆማለች። አይታው ፈገግ አለች። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች።

"ውይ! እንግዳ ይዘህ እየመጣህ አትነግረኝም? ግቢ እህቴ፣ ከነልጅሽ ግቢ። ቤታችን ቤትሽ ነው።"

ይመር ዞረ። መንገዱ ባዶ ነው።

"አሚናት" አለ። "ማንን ነው ግቢ የምትይው?"

አሚናት ፋኖሷን ወደ ቤቱ ውስጥ አዞረች።

"ማንን ትለኛለህ? ገብተው የለ? ይኸው ካንተ መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁሃል።"