የሉዊ ሽማግሌ

ትውውቃቸው በውሃ ተጀመረ። በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት ነው። ፀሐይወርቅ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሺፍቷን ጨርሳ ባስ ውስጥ እያንቀላፋች ሳለ፣ ጉልበቷን ቀዝቃዛ ነገር አራሰው። ዘወር ብትል ጊታር ያዘለ፣ ጸጉሩን የጎነጎነ ሰው ትንሽ ከበሮ ታቅፏል።

«ከበሮህ ያፈስሳል!»

«ሶሪ፣ ውስጡ ያለውን ውሃ መድፋት ረስቼ ነው። ቆዳው ካልራሰ አይዘፍንም።»

«ሰካራም ነው በለኛ!» አለችው። ሳቁ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ከገባች ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም።

ሉዊ ይባላል፤ ከነባሮቹ የካናዳ ሕዝቦች ከሞሃውክ ወገን ነው፣ አገሩ ምሥራቅ። የአያቶቹን ዜማ ከጊታርና ከሮክ ጋር አዋህዶ በየባሩ ይዘፍናል። እሱ ከበሮውን ሲያነሳ ግን ጠጪው ወሬውን ይጀምራል። ጥግ ይዛ እሱን ብቻ የምታዳምጥ ፀሐይወርቅ ነበረች። እሱም ለእሷ ብቻ ይዘፍን ጀመር። ዐይን ለዐይን ሲጋጩ ሁለቱም አንገታቸውን ይደፋሉ። ወይ ፍቅር!

ነገሩ ወንድሟ ጆሮ ደረሰ። ጋሼ ተድላ ስፖንሰር ሆነው ያመጧት፣ ፋልከንሪጅ ሰፈር ባለው ቤታቸው እንደ አባት የሚያኖሯት ሰው ናቸው። ተቆጡ፣ አኮረፉ። በመጨረሻ ግን፣ «እንግዲህ የሰው ልጅ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ» አሉ።

እየበረረች ሄዳ ነገረችው። «በእኛ ደንብ ራስህ አትጠይቅም፤ የተከበረ ትልቅ ሰው ትልካለህ።»

«እኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው!» አለና አቀፋት። ማንን እንደሚልክ አልነገራትም፤ እሷም መጠየቁ ትዝ አላላትም።

እሑድ ጋሼ ተድላ ከራቫታቸውን አስረው ጠበቁ። ደወሉ ተደወለ። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ቅርጫት ታቅፈው ብቻቸውን ቆመዋል።

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እኔ ነኝ፤ የሉዊ እናት።»

ጋሼ ተድላ ከኋላቸው ወንድ ፈለጉ፤ ያለው በረዶ ብቻ ነው። ፊታቸው ጠቆረ። «በሴት? ያውም በገዛ እናቱ? ቢንቀን እኮ ነው!» ብለው በሩን ድርግም አድርገው ዘጉት።

ፀሐይወርቅ ደረጃው ሥር ቆማ ታያለች። ሮጣ ልትከፍት አሰበች። ግን ወንድሟን ደፍራ አታውቅም፤ ካለችበት ቀረች።

አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እናቴ የጎሳችን እናት ናት» አለ ሉዊ፤ ድምፁ ዝሏል። «አለቃ የምትሾመው፣ የምትሽረውም እሷ ናት። ከእሷ በላይ የምልከው ሰው የለኝም። ከዚያ ሁሉ አገር በባስ መጣችልሽ።»

«ሉዊዬ፣ ጋሼ ይህን አላወቁም! ላስረዳቸው፤ ትንሽ ቀን ስጠኝ።»

«እሳቸውስ አያውቁም። እሷ ብርድ ላይ ስትቆም አንቺ ቤት ውስጥ ነበርሽ?»

የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ፀሐይ፣ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«በእኛ ደንብ፣ በቅርጫት ያመጣችላችሁን ዳቦ ብትቀምሱላት ጋብቻውን እሺ ማለታችሁ ነበር» አለ። «ይዣት አገሬ መግባቴ ነው። ባሱ ሊነሳ ነው፤ ቻው።»

ክው አለች። በሩን ስትከፍተው ቅርጫቱ እደጃፉ በረዶ ለብሶ ተቀምጧል። የበቆሎ ዳቦ ነው፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እዚያው ብርዱ ላይ ተቀምጣ እየነከሰች፣ እያለቀሰች በላችው።

ሉዊ አልተመለሰም። ዛሬ ሰዎች፣ «ምነው እትዬ ፀሐይ፣ ሳያገቡ ቀሩ?» ይሏታል።

«ማን አላገባችም አላችሁ? ዳቦውን በልቼ የለም እንዴ!» ትላቸዋለች።

ቀልድ እየመሰላቸው ይስቃሉ።