ከግርጌ ያለው ቁጥር

«ምንጩ ክፍት ነው አባ። ማንም መጥቶ ይቀዳል፣ ከልካይ የለውም።»

«ማንም የሚቀዳው ከሆነ ማን ይጠርገዋል?»

ይህን የተባባሉት የመርዋ አባትና ታላቅ ወንድሟ ኡዘይር ናቸው። እሷ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። አዘዞ ገበያ ዳር ባለው የአባቷ ሱቅ፣ ከጣቃዎቹ ኋላ ተወሽቃ ስትጫወት ነው ጆሮዋ ጥልቅ ያለው። የቀረውን ረስታዋለች፤ አባቷ ይሳቁ ይቆጡ አታስታውስም። ወንድሟ የሆነ ቦታ የውኃ ምንጭ ያገኘ እየመሰላት ብዙ ከርማለች። ከፍ ስትል ነው ወሬው ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም እንደነበር የገባት፤ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚሠራበት፣ የቻለም የሚያሻሽለው ፕሮግራም።

ኡዘይር ያንን ፕሮግራም የትምህርት ቤታቸው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ኮምፒውተሩም ሰርቨር ሆነ፤ ያለ ኢንተርኔት፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ የጥናት ገጾችን ያድላል። ኡዘይር ትምህርቱን ጨርሶ ዛሬ ሳንጃ ላይ ሰሊጥ ይነግዳል። ሰርቨሩ ግን አለ። የሚንከባከበው የኮምፒውተር ክበብ ነው፤ ከክበቡም መርዋ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

ሰላም ያጣችው ከዚህ ሳምንት መጀመሪያ አንሥቶ ነው። የክበቡ ኃላፊ መምህር ሀብተሥላሴ ፍላሽ ሰጧት። «የኛ ሰርቨር ያረጀ ነው፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳለው ዓለም ያወቀው ነገር ነው» አሏት። «እስካሁን ከዚህ ክፍል ስላልወጣ ግድ አልነበረውም። የፊታችን ሰኞ ግን ከዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት መስመር ጋር እንገናኛለን። የተማሪው ሁሉ ውጤት እዚያው ውስጥ ነው፤ አንድ ባለጌ ገብቶ ቢሰርዘው ምን ይውጠናል? ይኸው አዲሱ ፕሮግራም። እሱን ጫኚበት።»

ጫነችው። ተነሣ፣ ሠራ። ገጾቹን ስትከፍት ግን በአማርኛ የተጻፈው ማብራሪያ ሁሉ ጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ። ቀደም ያሉ ተማሪዎች ፊዚክሱንና ሒሳቡን በአማርኛ እያብራሩ የጻፉት በድሮ የኮምፒውተር ፊደል ስለነበር፣ አዲሱ ፕሮግራም አላወቀውም።

«ምነው መርዋ! ገደልሽን እኮ!» ብሎ ጮኸ ከጎኗ የነበረው ዓለምነው። ዓለምነው ከሳንጃ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር የክፍሏ ልጅ ነው። «እኔ እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቤ ፊዚክስ ላልፍ ነው? የኛ አገር ልጅ ሁሉ በዚህ እኮ ነው የሚያጠና! በእናትሽ መልሺው።»

ይስተካከል እንደሆነ ብላ ነካካችው፤ እንቢ አለ። የምትችለውም እዚያ ድረስ ነበር። አሮጌውን መለሰችው፤ ፊደሉም ተመለሰ። ያኔ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ከገጹ ግርጌ ፕሮግራሙ ስንተኛው እትም እንደሆነ የሚናገር ቁጥር አለ። አሮጌውን ቁጥር አጥፍታ የአዲሱን ጻፈችበት።

መምህር ሀብተሥላሴ መጥተው፣ ወደ ግርጌ ወርደው፣ ቁጥሩን አዩ። «ጎበዝ!» ብለዋት ሄዱ።

ያቺ «ጎበዝ» ናት ዛሬ፣ ዓርብ፣ ቁጭ ብድግ የምታሰኛት። ከሰዓት በኋላ የዐስርን ሰላት ስትሰግድ ስንተኛው ረከዓ፣ ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለች ጠፋት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋት። ከስግደቱ ማሳረጊያ ሰላምታ በኋላ እጇን ለዱዓ ዘረጋች፤ የምትለው አልመጣላትም። ጫማዋን ተጫምታ ወጣች።

ዓለምነውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘችው።

«ለቲቸር ልነግር ነው።»

«አበድሽ እንዴ? አቦ አትሸበሪ! ሰኞ ማን ይመጣል፣ ማን ገብቶ ይሰርቀናል? የአዘዞን ተማሪ ውጤት ለማየት ከቻይና የሚነሣ ሌባ አለ?»

«ከቻይናስ አይነሣ። አንተ ራስህ ኢንተርኔት ካፌ ሆነህ የሒሳብ ውጤትህን ከሠላሳ ወደ ሰማንያ ብታወጣው?»

ዓለምነው ሊስቅ ብሎ ተወው። «እሱማ… ሸጋ ሐሳብ ነው» አለ ዝግ ብሎ። «በኔ ግን አትምጪ። መልሺው አልኩ እንጂ፣ ቁጥር ቀይሪ አላልኩሽም።»

እውነቱን ነው፤ አላላትም። እዚያው ትታው ገባች።

መምህር ሀብተሥላሴ ላቦራቶሪው ውስጥ የኢንተርኔት ገመድ እየለኩ ነበር። ለሰኞ እንግዶች ወንበር እንኳ ተደርድሯል።

«ቲቸር፣ ሰርቨሩ አሮጌው ነው።»

«ቁጥሩን አይቻለሁ እኮ።»

«ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። እሷ የፊደሉን ነገር ከሥረ መሠረቱ ነገረቻቸው። የዓለምነውን ስም አላነሣችም። ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ያችን ቁጥር ደጋግመው አዩዋት።

«እኔም ያየሁት ይህችን ብቻ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሌላውንም መፈተሽ ነበረብኝ።» ገመዱን ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ሰኞ አንገናኝም። ማብራሪያው በአዲሱ ፊደል እንደገና ተጽፎ እስኪያልቅ አሮጌው ከዚህ ክፍል ሳይወጣ ያገልግል። ግን ርእሰ መምህሩ እንግዳ ጠርተዋል። ምን ልበላቸው? መብራት ጠፋ ልበል?»

የጠየቁት የምራቸውን ይሁን ሊፈትኗት ከፊታቸው መለየት አልቻለችም። መብራት ጠፋ ቢባል ማንም ያምናል፤ በሳምንት ስንቴ ይጠፋል! ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ።

«አይበሉ» አለች። «እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ስትወጣ ዓለምነው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«ስሜን ምነው ሳትጠሪ ቀረሽ?»

«በኔ አትምጪ አላልክም?»

«እሱስ ብያለሁ።» አብሯት መራመድ ጀመረ። እሷ ስትፈጥን ይፈጥናል፤ ስትቆም ይቆማል። «እንደገና መጻፉስ? ያን ሁሉ ብቻሽን ልትጽፊው ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«አንቺ ደግሞ አማርኛ ስትጽፊ እንደ ዶሮ አንድ አንድ ነው የምትለቅሚው። ለዓመትም አያልቅልሽም።»

ሁለቱም የርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ደረሱ። ከውስጥ የስልክ ድምፅ ይሰማል። መርዋ ሻሿን አስተካከለች፤ አስተካክላም እንደገና ነካካችው። ዓለምነው የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ቆለፈ።

«እሺ» አለ በሹክሹክታ። «መልሺው ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ። ፊዚክሱንም እኔ እጽፋለሁ። ግን አንቺ ቅደሚ።»

መርዋ በሩን አንኳኳች።