አርባው ሳይወጣ

እልፍነሽ ጠዋት መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ የባሏን ልብስ ከቁም ሳጥኑ እያወጣች አልጋው ላይ ትከምር ጀመር። ጌጤነህ ዕድሜውን ወፍጮ ቤት የጨረሰ ሰው ነበርና ካፖርቱም ሹራቡም የቱንም ያህል ቢታጠብ ከስፌቱ ውስጥ ዱቄት አይጠፋም፤ ስታራግፈው የናፍጣና የስንዴ ሽታ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮዋን ከረከራት። ቤቱን አከራይታ ሐዋሳ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው። በጌጤነህ ዘመን ያለ እሱ ፈቃድ ከከተማው ወጥታ አታውቅም።

ጎረቤቷ ዘነቡ በሩን ተደግፋ ከንፈሯን መጠጠች።

«አርባው ሳይወጣ የሟች ልብስ ይሰጣል እንዴ? ነፍስ እስከዚያ ቤቷን ትዞራለች እኮ።»

«ጌጤነህ በቁሙ ቤት ውሎ አያውቅም፤ አሁን ሞቶ ነው የሚዞረኝ?»

ዘነቡ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ልብሱን ግን አብራት አልተሸከመችም።

እልፍነሽ ሁሉንም በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን አድላ ስትመለስ ቤቱ ሰፍቶ ጠበቃት። ባዶውን ቁም ሳጥን ልትወለውል ብትከፍተው ታችኛው ሳንቃ ላይ ስስ ዱቄት ተነጥፏል። ከማራገፉ የተረፈ ነው ብላ በመዳፏ ሰበሰበችው። ዱቄቱ ሙቅ ነበር፤ ገና ከወፍጮው አፍ እንደወረደ።

በማግስቱ ካፖርቱን የሰጠችውን ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በዚያ ውርጭ በቀዳዳ ሸሚዙ ብቻ ተኮራምቶ አየችው።

«ካፖርቱስ፣ አባባ?»

«ባለቤቱ መጥቶ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። የሰው ገንዘብ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?»

አጠገቡ ጫማውን የወሰደው ሰው ባዶ እግሩን ነው፤ ሹራቡን የወሰደውም ደረቱን በእጁ አቅፏል። ሁለቱም ቀና ብለው አላዩዋትም።

ወደ ቤቷ በጥድፊያ ተመለሰች። ከቤቷ ጎን የነበረው የጌጤነህ ወፍጮ ከተሸጠና ከተነቀለ ሰንብቷል፤ ሆኖም ከግድግዳው ወዲያ ዝቅ ያለ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚዞር የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ስታዳምጠው ይቆማል፣ ስትዘነጋው ይቀጥላል፣ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎችም አብረውት በቀስታ ይንቀጠቀጣሉ። እየጸለየች ሻንጣዋን ሞላች። ነገ በማለዳው አውቶቡስ ትሄዳለች፤ ይህን አንድ ምሽት ካለፈች የቀረው ዕድሜ የራሷ ነው።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈተች። የማታውቃት፣ በቁመት እሷኑ የምታክል የኔቢጤ ሴት ቆማለች።

«ልብስ ውሰጂ ተብዬ ነው፣ እሜቴ።»

«አልቋል የኔ እናት። የባሌን ልብስ አንድ ሳላስቀር ሰጥቻለሁ።»

ሴትዮዋ በትሕትና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«የእሳቸውንማ መልሰው ለብሰውታል፤ እኔን የላኩኝ ነገ የእርስዎ ስለሚታደል ነው።»