ተለጣፊዎቹ

አሰብ ላይ ቀትር ሲሆን መስኮት ሁሉ ይዘጋል። ዶክተር ልሳነወርቅም ሚስቱ ስኂን ከአባቷ በወረሰችው ቤት፣ በመኝታ ክፍሉ ጨለማ ጥግ፣ የባሕር አረም በጨው ውኃ ዘፍዝፎ ማይክሮስኮፑ ላይ ይጎነበሳል። ቅጠሉን በብሩሽ ቀስ አድርጎ ሲፍቀው ላዩ ላይ የተለጠፉት በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይረግፋሉ። ሥራው እነሱን ማጥናት ነው፤ ግን ይንቃቸዋል። መቼም እሱ የማይንቀው ነገር አልነበረም።

ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው የስኂንን አጎት፣ ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጡትን ጋሽ ጓንጉልን ነበር። ለጥየቃ መጥተው እዚያው ቀሩ። እሱ ራሱ ሲያገባ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዞ እዚህ ቤት መግባቱን ንቀቱ አስረስቶታል። ምሳ ላይ ሽማግሌውን እያየ ስለ አልጌ ያወራል፤ መጀመሪያ ቅጠሉን ስስ ዝልግልግ ነገር ይሸፍነዋል፣ ከዚያ አንዷ መጥታ እየተንሸራተተች ምቹ ቦታ ትፈልግና ሙጫዋን ተፍታ ትቀመጣለች፣ ሌሎቹ በጀርባዋ ላይ ይደረባሉ፣ በመጨረሻ ቅጠሉ ፀሐይ አያይም።

«ቅጠሉስ ዝም ይላል?» አሉ ጋሽ ጓንጉል አንድ ቀን።

«አንዳንዱ ቆዳውን ያወልቃል፤ ከነተለጣፊዎቹ» አለ። ከዚያም ወደ ሚስቱ ዞሮ እስከ ዓርብ ወይ እሳቸው ይውጡ ወይ እኔ እወጣለሁ አላት። ስኂን ሳህኖቹን አነሳች።

በማግስቱ የበሩ እጀታ አሙለጨለጨው። የሽማግሌው እጅ ነው ብሎ ተጸየፈና ጠረገው። ቀጥሎ ትራሱ ረጠበ፤ ክፍሉ ባሕር ሲሸሽ የሚተወውን ጭቃ ይሸት ጀመር፤ የግድግዳው ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሣ። ከግድግዳው ውስጥም አንድ የሚያውቀው ድምፅ፣ ብሩሽ እርጥብ ነገር ሲፍቅ የሚሰማው ያ ቀስ ያለ ድምፅ፣ ይመጣ ነበር። አይጥ ነው ብሎ ናቀው።

ዓርብ ቀትር ላይ ማይክሮስኮፑን ሲመለከት ቅጠሉ ላይ አንድ አልጌ እንኳ አልነበረም። ቀና ሲል ግድግዳው በየጎኑ ከነልስኑ ተገሽልጦ ወደ እሱ እየተጠቀለለ ነው፤ በሩ እጥፋቱ ውስጥ ጠፍቷል። ፈራ። እግሩን ሊያነሣ ቢል ከወለሉ አልላቀቅ አለው። ስኂንን ጠራት፤ ድምፁ እርጥቡ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ከልጣጩ ማዶ የሁለት ሰው ኮቴ ተሰማው፤ መስኮት ተከፈተ።

«ክፍሉ ንጹሕ ነው ጋሼ፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ይተኛሉ» አለች ስኂን፤ ከዚያም፣ «ለመሆኑ እዚህ ማን ነበር የሚተኛው?» ስትል አጎቷን ጠየቀች።