ሂልዳ ያልጠራችው ስም

በእንግሊዝ አገር፣ በባርንስሊ ከተማ ሰው በማሳቅ ኖርማንን የሚያህለው አልነበረም። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የሰው አነጋገር ማስመሰል ይችልበታል። ክፋት እንደሌለው ሁሉም ይመሰክርለታል። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችን አለና ታሪኩን ልብ ብለን እንስማው።

አንድ ጊዜ ሚስቱ ሂልዳ የታዘዘላትን ኪኒን ውጣ ሰውነቷ በሽፍታ ተወረረ። ሐኪሟ መድኃኒቱን አስቆማትና አጥብቆ ነገራት።

«ስሙን በደንብ ያዢ። ሁለተኛ ከወሰድሽው ሊገድልሽ ይችላል። ለሚያክምሽ ሁሉ ተናገሪ።»

እሑድ ምሳ ላይ፣ ልጃቸውና አማቾቿ ባሉበት፣ ሂልዳ ስሙን ለመጥራት ሞከረች። «ሰልፋ... ሜዞ... ሰልፋቶክ...»

«ኧረ ያዙልኝ፣ የሴትዮዋ ምላስ ተቋጠረ!» አለ ኖርማን፤ እሷን እያስመሰለም ደጋገመው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሂልዳም አብራ ሳቀች፤ ፊቷ ግን ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሙን ስትጠራ የሰማት የለም።

ከዓመታት በኋላ ስካርብሮ ወደምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ለዕረፍት ሄደው ሳለ ሽንቷን አቃጠላትና የማያውቃት ወጣት ሐኪም ዘንድ ብቻዋን ገባች። ያዘዘላት ኪኒን መጠሪያው ሌላ ነበር፤ በውስጡ ግን ያው መድኃኒት አለበት። ሳምንት ሳይሞላ ቆዳዋ እንደተቃጠለ ሰው ይላላጥ ጀመር።

«የኔ እመቤት፣ ምነው ሳትነግሪው ቀረሽ?» አላት ኖርማን፣ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ።

«ጠይቆኝ ነበር እኮ። ስሙ አፌ ላይ መጣ... ይስቅብኛል ብዬ፣ የሚጎዳኝ መድኃኒት የለም አልኩት።»

ሂልዳ በማግስቱ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ኖርማን አንዲት ነርስ የመድኃኒቱን ስም ከፋፍላ እንድታስጠናው ለመናት። «ሰል፣ ፋ፣ ሜ፣ ቶክ፣ ሳ፣ ዞል» አለችው። «‹ቶክ› ላይ ጫን ይበሉ።» ሻይ ቀርቦ እስኪጠጣ እንኳ አልፈጀበትም። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ሲያውቅ እዚያው ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

በዚያው ዓመት መጠጥ ቤት ውስጥ ጓደኛው ስታንሊ የልብ መድኃኒቱን ስም ሊጠራ ሲንተባተብ ሁሉም ሳቁ። አንዱ «ኖርማን፣ በል አስመስልልን!» ብሎ ጮኸ።

ኖርማን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ በሚስቴ ስቄባት አፏን ዘጋሁት፤ በዚያው ሞተች። በተንተባተበ ሰው ላይ ከእንግዲህ እኔ ፊት የሚስቅ እንዳይኖር።»

ወንበሩን ወደ ስታንሊ አስጠጋ።

«አይዞህ፣ ቆራርሰህ በለው። የመጀመሪያዋን ብቻ ንገረኝ፤ የቀረውን አብረን እንለዋለን።»