ጭጋግ ውስጥ የቀረ ዱካ

በቅሎዋ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት የመድኃኒት ሣጥኖች ተሸክማ ከጤና ጣቢያው ግቢ ስትወጣ ጭጋጉ ገና የአጥሩን ጫፍ አልለቀቀም ነበር። ከፊት መንገድ መሪው፣ መሐል ላይ ነርሷ፣ ከኋላ ደግሞ ጉልበቱን እየረገመ ጡረተኛው ፋርማሲስት ይሄዳሉ።

ከተማ ባለው የቆዳ ክሊኒክ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ለአንድ ወር የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኛ የቆዳ ባለሙያዎችን ይጠራ ነበር። ሌሎቹ መኪና የሚገባባቸውን ጣቢያዎች ሲሻሙ ነርሷ ማንም ስሙን ያልጻፈበትን የመጨረሻውን መስመር ሞላች። አራት ዓመት ሙሉ ብጉርና ማዲያት ስታይ ኖራ ሰልችቷት ነበር። ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር አሥራ አንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ መድኃኒታቸው ግን ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለቴም ከመንገድ ተመልሷል። መድኃኒቱ በዘገየ ቁጥር የሚሄደው ጣት ነው፣ እግር ነው፣ ዓይን ነው። የሄደውን ደግሞ ኪኒን አይመልሰውም። ባለፈው የተላከው ሐኪም በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ሲጠይቁት «የሚከተል ነገር አለ» ከማለት በቀር ስለ መንገዱ ትንፍሽ አላለም።

መንገድ መሪውን ሰው ሁሉ ብረቱ ይለዋል። እሾህ ቢረግጥ አያነክስም። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ የፈላውን ድስት ያለ ጨርቅ ከእሳት አንሥቶ፣ ምንም እንዳልነካ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረግ አደረገ። ነርሷ እየሳቀች የእኛ ክሊኒክ ወንዶች መርፌ ሲያዩ ይወድቃሉ አለችው። ፋርማሲስቱም እንዲህ ያለ ሰው ድሮ ነበር የሚፈጠረው ብሎ አመሰገነው። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ከበሽተኛ ጋር የፈጁ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም አደነቁት።

ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደባቸው። መንገዱ ጭቃ ሆኖ አንሸራተታቸው፤ በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሣጥኖቹን በጀርባቸው ተሸክመው አሻገሩ። በማግስቱ ጫካው ውስጥ ሲገቡ ጭጋጉ እንደ እርጥብ ጋቢ ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። ወፍ የለም። ንፋስ የለም። የራሳቸው ኮቴ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ከዚያ ከኋላቸው ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ሲቆሙ ይቆማል፤ ሲሄዱ ይሄዳል።

ፋርማሲስቱ ወደ ነርሷ ጠጋ አለ። «ልጄ፣ እኔን አሮጊት ሚስቴ እንኳ እንዲህ አልተከተለችኝም።»

«ጋሼ፣ ዝም ብለው ይራመዱ።»

ጭጋጉ ለአፍታ ሳሳ ሲል አየቻቸው። አራት ጅቦች ናቸው፤ ገና በቀን፣ አንገታቸውን ደፍተው መሬቱን እየላሱ ይመጣሉ። ወደ ሰዎቹ ቀና ብለው አያዩም። የሚያዩት መንገዱን ብቻ ነው። አንድ ቦታ ይቆማሉ፣ ይልሳሉ፣ ጥቂት ይራመዳሉ፣ ደግሞ ይልሳሉ። አንዱ እንደ ሰው ሳቀ፤ በቅሎዋ ተደናብራ ገመዷን ልትበጥስ ደረሰች። ብረቱ ድንጋይ እያነሣ ወረወረባቸው፤ ሸሽተው ጭጋጉ ውስጥ ገቡና እንደገና ከኋላ መጡ። ባለፈው ከሐኪሙ ጋር ስመጣም እንዲሁ ነበሩ፣ ለምን እንደሚከተሉኝ እንጃ አለ ብረቱ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

ወንዙ ጋ የደረሱት እየሮጡ ነበር። ውኃው ቀይ ደለል ተሸክሞ ይጓራል። ከዛፍ ወደ ዛፍ የተወጠረውን ገመድ እየያዙ፣ እስከ ደረት የሚመጣውን ውኃ በአንድ እጅ እየገፉ ተሻገሩ፤ በቅሎዋን ብረቱ በአፍንጫዋ ጎትቶ አወጣት። ማዶ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነርሷ ተንበርክካ ስታስል ዓይኗ መሬት ላይ ቀረ። በእርጥቡ ድንጋይ ላይ የእግር ዱካ አለ። ግራው ውኃ ብቻ ነው። ቀኙ ደም ነው።

ዱካውን በዓይኗ ተከተለችው። ጫፉ ላይ ብረቱ ተቀምጦ ያፏጫል።

ጫማውን እንዲያወልቅ ለመነችው፤ እንቢ አለ። አጠገቡ ተቀምጣ ራሷ ጎትታ አወለቀችለት። የጫማው ሶል ሚስማር ተረከዙ ውስጥ ገብቶ ሥጋውን ቦርቡሮታል፤ ቁስሉ የዛሬ ብቻ አልነበረም። ከሣጥኑ ጥጥ አውጥታ ጫፉን አሾለችው።

«ዓይንህን ጨፍን። ስነካህ በጣትህ አሳየኝ።»

ተረከዙን ነካችው፣ ውስጥ እግሩን፣ ጣቶቹን፣ ከዚያ መዳፉን። ብረቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን አየር ላይ ዘርግቶ እየጠበቀ ነበር።

«ሲስተር፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» አላት።

ፋርማሲስቱ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ነርሷ ስለ ድስቱ አሰበች፤ የራሷ ሳቅ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ብረቱ ዓይኑን ሲገልጥ ጥጡን እጇ ላይ አየና ገባው። የእናቱ ጣቶች እንዲሁ ሳታውቀው እንዳለቁ፣ እሱ ግን ጥንካሬ ነው እያለ ራሱን ሲያታልል እንደኖረ ቀስ ብሎ ነገራት። ትድናለህ አለችው። የደነዘዘው ሁሉ ላይመለስ ይችላል፣ ሥጋ ደዌው ግን በመድኃኒት ይቆማል፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ እግር አትረግጥም። ቁስሉን አጥባ አሠረችው፤ ሣጥኖቹን ለሁለት ተካፍለው እሱን በቅሎዋ ላይ አስቀመጡት። ጅቦቹ ከወዲያ ዳር ተደርድረው በደም የራሰውን ድንጋይ ያዩ ነበር።

ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው በገደል አፋፍ ላይ ያለ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው። እዚያ አንድ ቅባት ሻጭ ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎችን አቁሞ ጠበቃቸው። የበሽታውን ነጠብጣብ ማዲያት ነው፣ ያጠፋዋል እያለ ነጭ ቅባቱን ለሰፈሩ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ባለ መርፌዎቹ ነጠብጣብ ያለበትን ሰብስበው አጥር ውስጥ ይዘጉታል፣ ልጆቹንም አያይም ብሎ አስወርቷል። አሁንም በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደ ወዳጅ፣ ሰዎቹ አይፈልጓችሁም ተመለሱ አላቸው። ዱላ ከያዙት አንዱ ነርሷን ወደ ኋላ ገፋት፤ ተረከዟ ሥር ጠጠር ተንዶ ገደል ገባ፣ ሲያርፍ ግን አልተሰማም።

ነርሷ የገፋትን ሰውዬ ፊት አየች። ንፋሱ ካፊያ ያዘንብበታል፤ ግራ ዓይኑ ግን አይርገበገብም።

«ስትተኛ ያ ዓይንህ ይከደናል?» ስትል ጠየቀችው።

ያነሣው ዱላ አየር ላይ ቀረ። «ሚስቴ ናት የነገረችሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፤ ሥጋ ደዌ ዓይንን እንዲህ ያደርጋል። ቅባቱን ስንት ጊዜ ተቀባህ?»

ሰውዬው ወደ ቅባት ሻጩ ዞሮ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ጀርባውን ገደሉ ግድግዳ ላይ ለጥፎ መንገዱን ለቀቀ። ጓደኛውም ለቀቀ። ቅባት ሻጩ ብቻውን መንገድ መዝጋት የሚችል ሰው አልነበረም።

ሰፈሩ ውስጥ አንድም ሰው አይታይም። በሮች ሁሉ ተዘግተዋል፤ እሳት ላይ የተጣደ ማሰሮ እንኳ ባለቤት ሳይኖረው ይፈላል። በየስንጥቁ ዓይን አለ። ነርሷ ተጣራች፤ ማንም አልመለሰም። በዚህ ጊዜ ብረቱ ከበቅሎ ወርዶ በአንድ እግሩ እያነከሰ መሐል ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ማሰሪያውን ፈታ። «ታውቁኛላችሁ፣ ብረቱ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ። «እንዳልሆንኩ ዛሬ አወቅሁ። ሲስተር፣ እነሱ እያዩ ንኪኝ።» ዓይኑን ጨፈነ።

ነካችው። ጣቱ አልተነሣም። ደግማ ነካችው።

አንድ በር ተከፈተ፤ ሌላው ቀጠለ። ሳይነጋገሩ መጥተው በሰልፍ ተቀመጡ፤ ማንም ሳያዛቸው ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነርሷ ጥጧን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ አለፈች። ጣታቸውን የሚያነሡ ነበሩ። ብዙዎቹ ግን በተዘጋ ዓይን፣ ትንሽ ፈገግ ብለው፣ ገና ያልጀመረች መስሏቸው ይጠብቁ ነበር።

ስትጨርስ ጣታቸውን ያላነሡ ሠላሳ አራት ሰዎች ቆጠረች። ሣጥኖቹ የያዙት ለአሥራ አንድ ብቻ ነው።

ፋርማሲስቱ መነጽሩን ጠረገ። ለጠናባቸው ዛሬውኑ እሰጣለሁ፣ ለብረቱም ጭምር፣ ጉልበቴ እንደሆነ ከዚህ ወዲያ የትም አይሄድም አላት። ቀጥሎ የሚለውን ሳይጨርስ ነርሷ ለቀሩት መድኃኒት ልታመጣ የበቅሎዋን ኮርቻ እያጠበቀች ነበር። ብረቱ ልነሣ ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

«መንገዱን ማን ይመራሻል?» አላት።

«ንገረኝ፤ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ።»

ነገራት፤ ደገመችለት። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው አንድ ወር ነበር። ሠላሳ አራቱን አስጀምሮ ለመጨረስ ግን ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፤ ይህን እያወቀች ወጣች። ገደሉን አለፈች፤ ጭጋጉ ከፊቷ ተዘጋ። ወንዙ ዳር ስትደርስ ገመዱን በሁለት እጇ ስባ ፈተሸችው፣ በቅሎዋን አስቀደመችና ገባችበት።