የካሚ ስም

ኑርቡና ታናሽ ወንድሙ ካሚ ያክ የሚባሉትን ሁለት ጠጉራም የጭነት ከብቶች እየነዱ ወደ ተራራው በር፣ በጫፎቹ መካከል ወዳለው መሻገሪያ፣ ሽቅብ ተያያዙት። ከበሩ ማዶ ባለው መንደር እናታቸው ያንጂ ትጠብቃለች። ካሚ ካትማንዱ ሆቴል ቤት ወጥ ሠሪ ሆኖ ስለቀረ ካየችው ሦስት ዓመቷ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዛሬ ካላለፉ በሩ በበረዶ ተዘግቶ እስከ ፀደይ አይከፈትም።

ካሚን ከትናንት ጀምሮ ራሱን ያመዋል። ኑርቡ ሳቀበት።

«የከተማ ፍራሽ አልፈሰፈሰህ! ከፍታ ላይ የሚይዝ የተራራ በሽታ የፈረንጅ ነው። አንተ እዚህ ተወልደህ? ነጭ ሽንኩርት አኝክ፣ ይለቅሃል።»

«ታች ወርደን አንድ ቀን ልረፍ፣ ጋሼ።»

«የእማዬ ዓይን መንገድ ላይ ነው።»

ካሚ ነጭ ሽንኩርቱን አኘከ። እልህም ያዘው።

እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ በረዶውን ዓይናቸው ውስጥ ይሞጅረው ጀመር። ፊት ፊት የሚሄደው ያክ የረገጠው በረዶ ከዳውና ከነሸክሙ ገደል ገባ። ኑርቡ ሁለቱን ያኮች ያያዘውን ገመድ ቆርጦ ሁለተኛውን አተረፈ።

የበሩ አናት ላይ መንገደኛ ሁሉ ድንጋይ እየጨመረ «አማልክት ድል ነሱ» የሚልበት ክምር አለ። ኑርቡ ድንጋዩን ክምሩ ላይ ጥሎ እንደ ደንቡ ጮኸ። ካሚ ግን የእሱን ድንጋይ እንደያዘ ተዝለፍልፎ ተቀመጠ። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚንቆረቆር ይመስላል። ኑርቡ የተራራ በሽታ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ወንድሙን አዝሎ ወደ እናታቸው መንደር ቁልቁል ሮጠ።

በእነሱ አገር የሞተ ሰው ስም አይጠራም፤ ነፍሱ መንገዷን ትታ እንዳትመለስ ነው። አባታቸው ተራራ ላይ ከቀረ ወዲህ ስሙ ከቤቱ ጠፍቷል። ስሙ የሚጠራው በሕይወት ያለ ሰው ነውና ኑርቡ በየእርምጃው «ካሚ፣ ካሚ» እያለ ጠራው።

«ጋሼ» አለ ካሚ በጆሮው፣ «ነጭ ሽንኩርትህ አልሠራም።»

ሊስቅም ሞክሮ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ትከሻው ላይ የተጋደመው ጉንጭ ከቀዘቀዘ በኋላም ኑርቡ እስከ መንደሩ የድንጋይ አጥር ድረስ ስሙን ሲጠራ ወረደ።

ያንጂ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር።

«ካሚ ተኝቶ ነው?» አለች።

«ታናሼን ይዤልሽ መጣሁ፣ እማዬ።»

ስሙን እስኪጠራው ጠበቀች። አልጠራውም። እሷም ስሙን ልትጠራ በከፈተችው አፏ ላይ እጇን ጫነች።

ኑርቡ ዛሬም በዚያ በር መንገደኛ ያሻግራል። አንዱ ራሴን አመመኝ ካለው፣ ፈረንጅም ይሁን የአገር ልጅ፣ ያኮቹን ወደ ታች ያዞራል። ሲቆጡት «ታናሽ ወንድም ነበረኝ» ይላል። ማን ይባል ነበር ብለው ሲጠይቁት ግን ፊቱን አዙሮ የያኩን ጭነት ያጠብቃል።